ወሎ ውስጥ ፒዛ የት ይበላ? ነባሩ የሰፈር ቤት፣ ካፌው፣ ሆቴሉ ወይስ ካርቶኑ

ደሴ ላይ «ዛሬ ፒዛ እንብላ» ያለ ሰው አራት አማራጭ አለው፦ ዓመታት ያስቆጠረው የሰፈር ፒዛ ቤት፣ ኬክና ማኪያቶ እየሸጠ ጎን ለጎን ፒዛ የሚያወጣው ካፌ፣ የሆቴል ሬስቶራንት፣ አለዚያም በካርቶን አስጠቅልሎ ወደ ቤት። ኮምቦልቻና ወልድያም ምርጫው ያው ነው። ብዙ ሰው ሜኑ ገልጦ፣ ላዩ ላይ ምን ምን እንዳለበት አንብቦ ይወስናል። ሜኑው ግን ስለ ፒዛው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ቱና ፒዛ የትም ቤት ቱና ፒዛ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንዱን ቤት ከሌላው የሚለዩት ምድጃው፣ ሊጡና የምትሄዱበት ሰዓት ናቸው። ከእነዚህም በፊት ደግሞ አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው ይቀድማል።

አብሮ የሚበላው ማን ነው?

ወሎ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጾመኛው፣ የሙስሊም ሥጋ የሚበላው፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚበላውና «እኔ ቺዝ ብቻ» የሚለው ልጅ አብረው ቢቀመጡ የሚደነቅ የለም። የአንድ ቤት ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። የቤት ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ሥጋ ቤት የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ከበሩ ይታወቃል። ፒዛ ቤት ግን ሁሉም አይጽፍም። የተፈጨ ሥጋ ወይም ዶሮ ያለበትን ከማዘዛችሁ በፊት «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ አስተናጋጆች የለመዱት ጥያቄ ነው፣ መልሱም አንድ ቃል ነው። መልሱ ከተንዛዛ ወይም «እጠይቃለሁ» ተብሎ ከቀረ ሥጋውን ትታችሁ ሌላ እዘዙ። ሞርታዴላና ሌላ የታሸገ ሥጋ ሲሆን አስተናጋጁም ጋጋሪውም ላያውቁ ስለሚችሉ ማሸጊያውን አሳዩን ማለት ይሻላል።

ለተቀላቀለ ገበታ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መላ ግማሽ በግማሽ ማዘዝ ነው፤ ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ አትክልት። ይህ ለጣዕም ልዩነት ይሆናል፣ ለሃይማኖት ልዩነት ግን አይሆንም። በ300 ዲግሪ ሙቀት የሥጋው ስብና የቺዙ ዘይት ፈስሶ ድንበሩን ይሻገራል፤ ትሪው አንድ ነው፤ ተሽከርካሪው መቁረጫም ከሥጋው ተነሥቶ እስከ አትክልቱ ጫፍ ይሄዳል። የሚያዋጣው ሁለት የተለያየ ትሪ ማዘዝና የሥጋው በመጨረሻ እንዲቆረጥ መንገር ነው። ጾም ካልሆነ ደግሞ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ፒዛ አለ፦ ማርጋሪታ (ሳልሳና ቺዝ ብቻ ያለበት)፣ አትክልት በቺዝ ወይም ቱና። ሦስቱም ውስጥ የእርድ ጥያቄ የለም።

የጾም ፒዛ ቺዙ የተነሣለት ፒዛ ብቻ ከመሰላችሁ ትሳሳታላችሁ። ወፍራም ሆኖ እንዲለሰልስ ሲፈለግ ሊጡ ውስጥ የዱቄት ወተት ወይም እንቁላል የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። ትሪው በቅቤ ወይም በማርጋሪን ተቀብቶም ሊሆን ይችላል፤ ማርጋሪን ሁሉ ደግሞ ከወተት ነጻ አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሊጡ ወተት ወይም እንቁላል አለው ወይ፣ ትሪው በምን ተቀባ፣ መቁረጫው ታጥቧል ወይ። እዚህ ላይ ነባር የሰፈር ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሊጥ ማቡካት ስለሚያስቸግር፣ ብልህ የሆነ ቤት ሊጡን ዓመቱን ሙሉ የጾም ያደርገዋል፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፣ ዘይት፣ ትንሽ ስኳር፣ በቃ። «ሊጣችን ሁልጊዜ የጾም ነው» የሚል ቤት ካገኛችሁ ስሙን ያዙት።

ጣዕሙም የራሱ ጣጣ አለው። ቺዝ ከሌለ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚያወጡትን ውሃ ሸፍኖ የሚይዝ የለም፤ ምድጃው ደካማ ከሆነ አትክልቱ ሊጡ ላይ ይቀቀላል፣ መሐሉም ይላቁጣል። የጾም ፒዛ በጣም የጋለ ምድጃ ይፈልጋል። ሽንኩርቱ አስቀድሞ በዘይት በደንብ ከበሰለ፣ ድንቹ ስስ ሆኖ ከተከተፈና የቲማቲም ሳልሳው ወፈር ካለ ከቺዙ ፒዛ የሚተናነስበት ምክንያት የለም። ቱና በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ግን አስተናጋጁን የሚመለከት አይደለም፤ ገበታው ላይ ተነጋገሩና ጨርሱት።

በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀን ምድጃው ባዶ ውሎ ከአፍጥር በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከመግሪብ በፊት ደውሎ ማዘዝ፣ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ መሄድ ይሻላል። ቢራ የማይቀርብበት ቤት የሚመርጥ ሰው አብሯችሁ ካለም ሳይወጡ መጠየቅ ነው፤ ሰው ጠረጴዛ ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ማስነሣት ደስ አይልም።

ምድጃው

በእንጨት የሚሠራ የጡብ ምድጃ ወለሉ ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፒዛውን በ3 ወይም 4 ደቂቃ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ280 እስከ 320 ዲግሪ ላይ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። የጋዙ በመካከል ነው። ጣሊያን አገር ኔፕልስ ውስጥ ከ430 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ በደቂቃ ተኩል የሚወጣው ስስ ፒዛ፣ የጋጋሪዎቹ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባህል ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረለት ማለት ነው፣ እኛ ጋ ከለመድነው ወፈር ያለ፣ ቺዙ የተትረፈረፈ ፒዛ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ መለካት ለሁለቱም አይጠቅም።

«የእንጨት ምድጃ ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚባለውም ተጋንኗል። ስስ ሊጥና ቀለል ያለ ነገር ላዩ ላይ ሲሆን እውነት ነው፤ ሊጡ ሳይደርቅ ሥሩ ይይዛል፣ ጠርዙ ይነፋል። ቱና፣ እንቁላል፣ ሥጋና ሦስት ዓይነት አትክልት የተጫነበት ስፔሻል ሲሆን ግን የጋለው እሳት ላዩን አሳርሮ መሐሉን ጥሬ ይተወዋል። ጭነት የበዛበትን ፒዛ ከወደዳችሁ ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት ያምርበታል።

የእንጨት ምድጃ ሰዓት ይፈልጋል። ጡቡ እስኪጠግብ ሁለት ሰዓት ያህል መንደድ አለበት። እሳቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተለኮሰበት ቤት 5 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ነበልባሉ ይታያል፤ ወለሉ ግን ገና ነው፣ ላዩ ቡናማ ሥሩ ነጭ የሆነ ፒዛ ይመጣላችኋል። በምሳ ግርግር መሐል ደግሞ በላይ በላዩ የሚገባው ሊጥ ወለሉን ያበርደዋል፤ ጥሩ ጋጋሪ ቦታ እያቀያየረ ወይም ፍሙን ወለሉ ላይ እየበተነ ይጠብቃል፣ የተቻኮለው ግን ያው ቦታ ላይ ይደግማል። የተሻለው ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወይም ግርግሩ ቀለል ሲል ከ8 ሰዓት በኋላ ነው።

እንጨቱንም እዩት። የሚነደው በብዛት ባሕር ዛፍ ነው፤ ደርቆ የተፈለጠ ከሆነ ንጹሕ ነበልባል ይሰጣል፣ ርጥብ ከሆነ ያጨሳል፣ ጭሱም ቺዙ ላይ መራራ ጣዕም ይተዋል። ክረምት ላይ እንጨቱን ሜዳ ላይ ከምሮ ዝናብ የሚያስመታ ቤት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባይሄዱበት ይመረጣል። ፒዛው ሲመጣ አንዱን ቁራጭ አንሡና ሥሩን ተመልከቱ። ቡናማና ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ነብር ቆዳ ቢዥጎረጎር የጋለ ወለል ምልክት ነው። ወጥ ጥቁር ሆኖ ጣት ላይ ዱቄት የሚቀር ከሆነ ከሊጡ ሥር የተነሰነሰው ዱቄት ተቃጥሏል፤ ከዚያ የሚመጣው ምሬት በካቻፕ አይሸፈንም።

የኤሌክትሪኩ ችግር የታወቀ ነው፤ መብራት ሲሄድ። ቤቱ ጄኔሬተር አለኝ ቢልም አንድ ፒዛ ምድጃ ብቻውን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ ትንሹ ጄኔሬተር አምፖሉንና ቡና ማሽኑን ይዞ ምድጃውን አይችለውም። መብራቱ ተመልሶም ምድጃው እስኪግል ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መብራት በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ፒዛ ወይ ቀድሞ የተጋገረ ነው፣ ወይ ባልጋለ ምድጃ የደረቀ ነው። መብራት ተደጋግሞ በሚጠፋበት ሳምንት የእንጨት ምድጃ ያለውን ነባር ቤት መምረጥ ነው፤ ይህ ክርክር የለውም።

ሊጡ

ከምግብ በኋላ ሆድ የሚነፋውና የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ በቺዙ ምክንያት ይመስለናል። ጥፋተኛው ግን ሳይደርስ የተጋገረ ሊጥም ሊሆን ይችላል።

የተለመደው መጠን ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ውሃና ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ነው። ልዩነቱ ያለው እርሾው ላይ ነው። ከ2 እስከ 3 ግራም ደረቅ እርሾ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ የሚያሳድር ቤት አለ፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከስኳር ጋር ጨምሮ በአንድ ሰዓት የሚያስነሣም አለ። የሁለተኛው ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ግን አልደረሰም፤ እርሾ እርሾ ይሸታል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ላስቲክ ይሳባል። «ሊጡ የመቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የትናንት» የሚለው መልስ አያስደንግጣችሁ፤ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑም ሊጡ ያውቃቸዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም የታወቀ ነው። ደሴ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ እርሾው ይዘገያል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ግን አረፋው አንዴ ከጀመረ ቶሎ ይነፋል፣ ደረቁ አየርም የሊጡን ፊት ቆዳ ያስይዘዋል። እርጥብ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ያልተደረበበት ድቡልቡል ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሳልሳ ገብቶ ትሪው ላይ ይጣበቃል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት የተቦካው ሊጥ ከፍሪጅ ውጭ ከዋለ ማታ ላይ አልፎበታል፤ ይኮመጥጣል፣ ሲዘረጋ ይበጠሳል፣ እርሾው ስኳሩን ስለጨረሰውም የቱንም ያህል ቢጋገር ፊቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ፒዛ በምሳ፣ ደሴ ላይ በእራት ቢሆን ዕድሉ ይሻላል። ጠርዙ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ከመጣ ጋጋሪው እሳት አንሶት ሳይሆን ሊጡ አልፎበት ሊሆን ይችላል፤ «መልሰህ አስገባው» ማለት ያደርቀዋል እንጂ አያቀላውም።

አንድ ጥሩ ምልክት፦ ቁራጩን ከጎን ስታዩት ጠርዙ ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳዎች ተቀላቅለው ከታዩ ሊጡ ጊዜ አግኝቷል። እንደ ኬክ ወጥ በወጥ ከሆነ ተቻኩሏል።

ነባር ቤት ነባር የሚሆነው መቼ ነው?

ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ባለቤት ተቀይሮ ስሙ የቀረ፣ ጋጋሪው ወጥቶ የራሱን የከፈተ፣ የጡብ ምድጃው ተሰንጥቆ ጥግ ላይ ዕቃ ማስቀመጫ የሆነ ስንትና ስንት አለ። ደሴ ላይ በፒያሳ ይሁን በሰኞ ገበያ በኩል ያረጀ ታፔላ ስታዩ የምታረጋግጡት ምድጃው አሁንም መሥራቱን፣ ሊጡን የሚዘረጋው ሰው ዓመታት የቆየ መሆኑን፣ ሜኑውም አለመንዛዛቱን ነው። ከስምንት እስከ አሥር ዓይነት ፒዛና ሁለት ሦስት ፓስታ ያለው ቤት ዕቃው ቶሎ ቶሎ ያልቅለታል። በርገር፣ ሳንድዊች፣ ክትፎና ጁስ እየጨመረ ሜኑው አራት ገጽ የደረሰ ነባር ቤት ከካፌ የሚለየው በወንበሮቹ ዕድሜ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ማርጋሪታ ይዘዝ። ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ሊጡ፣ ሳልሳውና ቺዙ የሚደበቁበት ነገር ስለሌለ ነው። ሳልሳው ከአዲስ ቲማቲም ከሆነ በደንብ ካልተቀቀለ ውሃው ይለያል፤ ከታሸገ የቲማቲም ድልህ ብቻ ከሆነ ይመራል፣ ወይም ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር በዝቶበታል። በቆቦ መስኖ የሚመረተው ቲማቲም ገበያውን ሲሞላ ጥሩ ቤት ሁለቱን ይቀላቅላል። ቺዙ ሲሳብ ክር ካወጣ ጥሩ፤ ዘይት ቋጥሮ ቢጫ ኩሬ ከሠራ ምድጃ ውስጥ ቆይቷል። ጨርሶ ሳይቀልጥ እንደ ፍርፋሪ ቁጭ ካለ አይብ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። አይብ የሚረጋው በአሲድ ስለሆነ በእሳት ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ለክትፎ እንጂ ለፒዛ አልተፈጠረም።

ስታዝዙ የላዩን ነገር ከሦስት ዓይነት አታሳልፉ። «ሳልሳ ጨመር፣ ቺዝ ቀነስ፣ ሥሩ በደንብ ይብሰል» ማለት ትችላላችሁ፤ የሰፈር ቤት የሚወደደውም እንዲህ ያለውን ስለሚሰማ ነው። ሚጥሚጣ ወይም ዳጣ ካለ በጎን አስመጡ፤ ቃሪያውም ከመጋገሩ በፊት ይልቅ ከወጣ በኋላ ቢነሰነስ ይጣፍጣል። ፒዛው ሳይመጣ ካቻፕና ማዮኔዝ ጠረጴዛው ላይ የሚደረድር ቤት ስለ ሳልሳው የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ብዛት ስትሆኑ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 8 ቁራጭ ፒዛ ለአዋቂ 3፣ ለልጅ 2 ቁራጭ ብላችሁ አስቡ። ለስምንት አዋቂ ሦስት ትሪ ይበቃል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አታስመጡ፤ የደሴ ምሽት ቺዙን በ10 ደቂቃ ያረጋዋል። ሁለቱ ይምጣ፣ ሊያልቅ ሲል ሦስተኛው ይግባ።

ካፌው እና ሆቴሉ

ካፌ የሚመረጠው በቁራጭ መብላት ስትፈልጉ፣ ልጆቹ ኬክ ሲሉና ጊዜ ሲያጥር ነው። ጉዳቱ ቁራጩ ጠዋት ተጋግሮ በማይክሮዌቭ መሞቁ ነው፤ ቺዙ ፊቱ ደብዝዞ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ሥጋ ወይም ቱና ያለበት ቁራጭ መስታወት ውስጥ ሳይቀዘቅዝም ሳይሞቅም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሙቀት ላይ፣ አትንኩት። ሙሉ ፒዛ አዝዛችሁ በ5 ደቂቃ ከመጣም ያው ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከትእዛዝ እስከ ጠረጴዛ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መውሰዱ ጤናማ ነው።

ሆቴል ሰፊ ቦታ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የመኪና ማቆሚያና የተሻለ ጄኔሬተር ይሰጣል። ለሽማግሌ፣ ለእንግዳና ለሥራ ስብሰባ ይሆናል። ፒዛው ግን ከብዙ ምግቦች አንዱ ስለሆነ አልፎ አልፎ በተዘጋጀ ሊጥ ይሠራል፤ ክቡ በኮምፓስ የተሠራ መስሎ ሥሩ በእኩል ርቀት በሹካ ከተወጋጋ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ላሊበላ ላይ የቱሪስት ወቅት ሳይሆን ከሄዳችሁ ምድጃው ላይነድ ስለሚችል ጠዋት ነግሮ ማታ መብላት ነው። ሐይቅ ከተማ ቆማችሁ ፒዛ የምታዝዙ ከሆነ ደግሞ ምን እንበላችሁ፤ እዚያ ዓሣ ይበላል።

ሚዲየም ወይስ ፋሚሊ?

«ሚዲየም» የሚባለው መጠን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ በሴንቲ ሜትር ጠይቁ። መለኪያ ከሌለ ሜኑው የታተመበትን ተራ የኤ4 ወረቀት ተጠቀሙ፤ ረጅሙ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የክብ ስፋት እንደ ዓይን ግምት አይደለም። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒዛ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30 የሆነው 707፣ 40 የሆነው 1,257። ሁለት ትንንሽ ባለ 20 አንድ ባለ 30 አያክሉም። ባለ 30 ው 400 ብር፣ ባለ 40 ው 600 ብር ነው እንበል፤ ዋጋው በግማሽ ሲጨምር ምግቡ ግን 78 በመቶ ይጨምራል። ትንሹ ፒዛ ላይ ደግሞ ጠርዙ ብዙ ድርሻ ይይዛል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ከባለ 20 ው ላይ ከሦስት እጅ አንዱን ይወስዳል፣ ከባለ 30 ው ሩቡን። በሒሳብ ትልቁ ያዋጣል። ነገር ግን ደካማ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ባለ 40 መሐሉ አይበስልም፤ እዚያ ቤት ከሆናችሁ ሁለት ባለ 30 እዘዙ፣ ልዩነቱን ለጣዕም ክፈሉ።

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ሆቴል ላይ 400 ብር የተጻፈው 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 500 ብር ገደማ ይገባል። የሰፈሩ ቤት በአብዛኛው የተጻፈውን ነው የሚቀበለው፤ ቢሆንም ደረሰኝ ተቀበሉ።

ይዞ መሄድ

ፒዛ ከምድጃ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ይተናል፤ ካርቶኑ ውስጥ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሊጡን ያረጥበዋል። ጋጋሪው ከመዝጋቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ሽቦ ላይ ወይም ጣውላ ላይ እንዲያስተነፍሰው ንገሩት፤ የካርቶኑ የጎን ቀዳዳዎችም ተገፍተው ይከፈቱ። «ትንሽ ደረቅ አድርገህ አውጣው፣ አትቁረጠው» ብትሉት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሳይቆረጥ የሄደ ፒዛ ሳልሳው ወደ ሥሩ አይፈስም፣ ቤት በቢላ ወይም በመቀስ ይቆረጣል። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ለጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ የደሴ ዳገትና ቁልቁለት ያዘነበለውን ካርቶን ሁሉንም ቺዝ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስብለታል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚርቅ ሰፈር ከሆነ ጭነት የበዛበትንና የጾም አትክልቱን ትታችሁ ማርጋሪታ ወይም ቱና ውሰዱ፤ ውሃ የማያወጣው መንገድ ይችላል።

የቀዘቀዘውን ማይክሮዌቭ ጠርዙን ጫማ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል። በዝቅተኛው ሙቀት አስቀድማችሁ አሙቁት፣ ቺዝና ዘይት ምጣዱን እንዳያበላሽባችሁ ፎይል አንጥፉ፣ ቁራጮቹን ሳይነካኩ ደርድሩና አክምባሎውን ግጠሙ። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ የመጨረሻዋን ደቂቃ አክምባሎውን ከፈት አድርጉለት፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ። የተረፈው ከምድጃ በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ሥጋና ቱና ያለበትን ግን በማግስቱ ጨርሱት።